ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ሲዘገይ፦ የስክሪን ሪከርዲንግን ድምፅና ምስል የማገጣጠም መመሪያ

የአንድ ሰዓት ትምህርት ቀድታችኋል። ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ ስክሪኑም ጥርት ብሎ ይታያል። መልሳችሁ ስታዩት ግን «እዚህ ጋ ጠቅ አድርጉ» የሚለው ድምፅ ካለፈ በኋላ ነው ማውሱ ቁልፉ ላይ የሚደርሰው። ካሜራ ካለበትማ ይብሳል፤ አፍ ሌላ፣ ድምፅ ሌላ ይሆናል። ተማሪው ምክንያቱን ለይቶ ባያውቀውም ይደክመዋል፤ ቪዲዮውን ዘግቶ ይሄዳል። ያን ያህል ተለፍቶበት የተሠራ ትምህርት በዚህ ምክንያት ሳይታይ ሲቀር ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከል ነገር ነው።

ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያደርገው ሴቲንግ መነካካት ነው። አንድ ቪዲዮ አይቶ አንዱን ይቀይራል፣ ሌላ ቪዲዮ አይቶ ሌላውን ይቀይራል፣ በመሃል አምስት ነገር አንድ ላይ ተቀይሮ ያገኘዋል። ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሳትለኩ አትንኩ። ስንት ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) እንደተለያየ፣ የቀደመው ድምፁ ይሁን ምስሉ፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን እየሰፋ የሚሄድ፣ እነዚህን ሦስቱን ካወቃችሁ መፍትሔው ራሱ ይመጣል።

ምሳሌዬ በሙሉ ኦቢኤስ ስቱዲዮ በሚባለው የስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ላይ ነው። ነጻ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕም ላይ ይሠራል፣ እዚህ ሀገርም ሆነ ውጭ ሆነው በአማርኛ የሚያስተምሩ ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ እንደሆነ አድርጌ እጽፋለሁ። ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀሙም ብትሆኑ አካሄዱ ያው ነው፣ የሚለየው የሜኑው ስም ብቻ ነው።

በእርግጥ ፋይሉ ነው የተበላሸው?

ምንም ከመደረጉ በፊት ይህ ይጣራ። በብሉቱዝ ኢርፎን እየሰማችሁ ከሆነ አውልቁት። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮ፣ መልሶ እስኪፈታው ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ሚሊ ሰከንድ ማዘግየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ሆኖ እናንተ ጆሮ ላይ ብቻ የተበላሸ ሊመስል ይችላል። በላፕቶፑ ስፒከር ወይም ባለገመድ ኢርፎን ስሙት። ቀጥሎ በሌላ ማጫወቻ ክፈቱት፣ ለምሳሌ በቪኤልሲ። ከተቻለ ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ወስዳችሁ እዩት። በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ በቪዲዮ መልክ ከላካችሁት ተጨምቆ ስለሚሄድ የምታዩት ዋናውን አይሆንም።

በሁሉም ቦታ ያው ከሆነ ችግሩ ፋይሉ ውስጥ ነው። እንቀጥል።

ስንት ቢለያይ ነው ሰው የሚያስተውለው?

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ ምስሉን በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲዘገይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አለመሆናቸውን ልብ በሉ። ድምፅ ሲዘገይ እንታገሣለን፣ ሲቀድም ግን ቶሎ ይረብሸናል። ማዶ ሆኖ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስታዩ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሳችሁ፤ 170 ሜትር ቢርቅ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ጆሯችን ይህን ሲለማመድ ነው የኖረው። ድምፅ ቀድሞ ምስል ተከትሎ ሲመጣ ግን በተፈጥሮ አይተን አናውቅም።

ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ቀላል ነው። ፍጹም ዜሮ ለማድረግ አትጨነቁ። ከተጠራጠራችሁ ድምፁ በትንሹ ቢዘገይ ይሻላል እንጂ አይቅደም።

ፈተናው

ይህን አንድ ጊዜ በደንብ ከሠራችሁት ብዙ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ አብዛኛው ግን መጠበቅ ነው።

1. ኦቢኤስን ትምህርት ስትቀዱ እንደምታዘጋጁት አድርጋችሁ አዘጋጁ። ማይኩ ያው፣ ካሜራው ያው፣ ጀርባ ላይ የሚከፈቱት ፕሮግራሞችም ያው ይሁኑ። ሁሉን ዘግታችሁ ብትፈትኑ ፈተናው እውነቱን አይናገርም።

2. ሪከርድ አስጀምሩና ካሜራው ፊት ሦስት ጊዜ አጨብጭቡ። በመሃሉ ሁለት ሁለት ሰከንድ ቆይታ ይኑር። መዳፎቻችሁ ሲገናኙ በግልጽ ይታይ።

3. ኖትፓድ ክፈቱ፣ ማይኩን ወደ ኪቦርዱ አስጠጉና አንድ ፊደል ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ጥቂት ጊዜ ድገሙት። ይህ የስክሪኑንና የማይኩን ግንኙነት ያሳያል። ኪቦርዱ ከተመታ በኋላ ፊደሉ እስኪታይ ድረስ የራሱ ትንሽ መዘግየት ስላለው የአንድ የሁለት ፍሬም (ቪዲዮው ከሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ ፍሬም ይባላል) ልዩነት አያሳስባችሁ።

4. ዩቲዩብ ላይ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ፣ ብልጭታና «ቲን» የሚል ድምፅ እኩል የሚያወጡ የሲንክ (የድምፅና የምስል መገጣጠም) መፈተኛ ቪዲዮዎች አሉ። አንዱን ለጥቂት ሰከንድ አጫውቱ። ይህ ደግሞ የስክሪኑንና የኮምፒውተሩን ድምፅ ይፈትናል።

5. ሪከርዱን ሳታቆሙ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ቢቻል ዝም ብሎ ከመጠበቅ እንደ ትምህርቱ ስላይድ አገላብጡ፣ ብራውዘር ክፈቱ ዝጉ።

6. መጨረሻ ላይ ማጨብጨቡን፣ ፊደሉንና ብልጭታውን ድገሙና አቁሙ።

አሁን ፋይሉን የምትጠቀሙበት ኤዲት ማድረጊያ ውስጥ አስገቡ። ሾትከት፣ ካፕከት፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ የትኛውም ይሆናል፤ የድምፁ ሞገድ መታየት መቻሉ ነው ዋናው። መዳፎቹ የተገናኙበትን ፍሬም ፈልጉ። ከዚያ በሞገዱ ላይ ድንገት ሽቅብ የሚወጣውን ሹል ቦታ ፈልጉ። በሁለቱ መካከል ስንት ፍሬም እንዳለ በቀስት ቁልፉ አንድ አንድ እየሄዳችሁ ቁጠሩ። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ የቀዳችሁት አንዱ ፍሬም 33 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ 60 ከሆነ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ። ስለዚህ በ30 ፍሬም ቪዲዮ ላይ ድምፁ 4 ፍሬም ከቀደመ ልዩነቱ 130 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው ማለት ነው። ሦስቱንም ጭብጨባ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ልዩነቱ ቋሚ ነው። የመጨረሻው በጣም ከበለጠ እየሰፋ የሚሄድ ነው። መሃል ላይ በድንገት የዘለለ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። የእነዚህ ሦስቱ መድኃኒት በጭራሽ አንድ አይደለም። እየሰፋ የሚሄደውን ችግር በቋሚ ማስተካከያ ለማከም መሞከር መጀመሪያውን አስተካክሎ መጨረሻውን ያበላሻል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱ ቋሚ ከሆነ

ይህ ቀላሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ካሜራው ነው። የዩኤስቢ ካሜራ ምስሉን ያነሣል፣ ይጨምቀዋል፣ በገመድ ይልከዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ይፈታዋል። ማይኩ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ ድምፁ ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል።

የዘገየውን ማፍጠን አይቻልም። የቀደመው እንዲጠብቀው ማድረግ ነው ያለው አማራጭ። ኦቢኤስ ውስጥ ድምፆቹ የሚታዩበትን ሚክሰር ፈልጉ፣ እዚያ ካለው ሜኑ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቱ። በየድምፁ ትይዩ ሲንክ ኦፍሴት የሚል ሳጥን አለ። የማይኩ ላይ የለካችሁትን ቁጥር በሚሊ ሰከንድ ጻፉ። 130 ብትጽፉ ድምፁ 130 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይገባል። ዝጉትና ጭብጨባውን ደግማችሁ ቅዱ። መድገሙን አትተዉት።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነገር አለ። አንድ የስክሪን ቪዲዮ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፦ ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ማይኩና የኮምፒውተሩ ድምፅ። ማይኩን ከካሜራው ጋር ለማስታረቅ ስታዘገዩት ከስክሪኑ ጋር በዚያው ልክ ይለያያል። በ60 እና በ100 ሚሊ ሰከንድ መካከል ከሆነ እንዲሁ ተዉት ባይ ነኝ፤ በትምህርት ቪዲዮ ሰው የሚያየው አፍ ነው፣ ማውሱ ትንሽ ቢቀድም ማንም አያስተውልም። ከዚያ ከበለጠ ግን ስክሪኑንም አዘግዩት። ስክሪኑን የሚይዘው ሶርስ (ኦቢኤስ ውስጥ የገባ የምስል ወይም የድምፅ ምንጭ) ላይ በቀኝ ክሊክ ፊልተርስ ግቡ፣ ሬንደር ዲሌይ የሚለውን ጨምሩና ያንኑ ቁጥር ስጡት። እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ይቀበላል። የኮምፒውተሩ ድምፅ ላይም ያንኑ ሲንክ ኦፍሴት ስጡት። አሁን ሦስቱም ካሜራውን ጠብቀው አብረው ይሄዳሉ።

የዘገየው ድምፁ ከሆነስ? ካሜራውን ማዘግየት ነው። የካሜራው ፊልተርስ ውስጥ ቪዲዮ ዲሌይ የሚል አለ፣ እሱን ጨምሩ። ካሜራ ከሌለና ስክሪን ብቻ ከሆነ ሬንደር ዲሌይ ይሠራል፤ ወይም ሲንክ ኦፍሴቱ ላይ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ።

ግን ድምፅ ሲዘገይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማይኩ ብሉቱዝ ነው ወይ የሚለው ነው። ከሆነ ቁጥር አትፈልጉለት። የብሉቱዝ መዘግየት አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ የለካችሁት ነገ ስታገናኙት ላይሠራ ይችላል። ደግሞም የብሉቱዝ ሄድሴት ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ መደወያ ሁኔታ ስለሚገባ የድምፁ ጥራት በጣም ይወርዳል። ከስልክ ጋር የሚመጣው ተራ ባለገመድ ኢርፎን ማይክ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ለዚህ ሥራ ከብዙ ውድ ብሉቱዝ ይሻላል። አዲስ ማይክ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ሞክሩት።

የድምፅ ማጣሪያ ፕሮግራሞችም ትንሽ ትንሽ ያዘገያሉ። ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም በማይኩና በኦቢኤስ መካከል ካስገባችሁ ልኬታችሁን እሱን እንደከፈታችሁ ውሰዱ።

እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ

መጀመሪያ ላይ ደህና ነው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን ግማሽ ሰከንድ፣ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ሰከንድ ከምናምን ይሆናል። ይህ የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ጊዜን ሲቆጥሩ ነው። የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ማግኘት ነው ሥራው።

ከሁሉ በፊት ሳምፕል ሬትን እዩ። ዲጂታል ድምፅ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ተለክቶ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። ሁለት የተለመዱ ልኬቶች አሉ፣ 44100 እና 48000። አንዱ መሣሪያ በአንዱ ለክቶ ሌላው በሌላው ካነበበው ጊዜው ይዛባል። በ44100 የተለካ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ሳይቀየር በ48000 ቢነበብ በ55 ሰከንድ ያልቃል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሲመጣ ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ግን ዊንዶውስ በመሃል ገብቶ ስለሚቀይረው የሚታየው ቀስ እያለ የሚሄድ መንሸራተት ወይም አልፎ አልፎ የሚሰማ የመንጣጣት ድምፅ ብቻ ነው።

ሁሉንም 48000 ላይ አድርጉ። ኦቢኤስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኦዲዮ፣ ሳምፕል ሬት፣ 48። ዊንዶውስ ላይ የሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ የሚለውን ስትከፍቱ ድሮ የምናውቀው ትንሹ መስኮት ይመጣል። ሪከርዲንግ በሚለው ስር ማይካችሁን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግቡ፤ እዚያ 48000 ያለውን ምረጡ። ፕሌይባክ ስር ደግሞ ስፒከሩን እንደዚሁ። ካሜራው የራሱ ማይክ ካለው እሱንም አትርሱ። ኦቢኤስን ዘግታችሁ ክፈቱ። ፈተናውን ድገሙ። እየሰፋ በሚሄድ ችግር ላይ መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው።

ያ ካልሆነ ድምፁን ለየብቻ ነው የምትቀዱት? ስክሪኑን በላፕቶፕ፣ ድምፁን በስልክ የሚቀዱ አሉ፣ ስልኩ የተሻለ ማይክ ስላለው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ነገር ግን ሁለቱ መሣሪያዎች ሁለት የተለያዩ የጊዜ መቁጠሪያ ክሪስታሎች አሏቸው። በሚሊዮን 50 ብቻ ቢለያዩ እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ለ10 ደቂቃ ቪዲዮ ምንም አይደለም። ለሰዓት ግን ይታያል። እንደዚህ የምትሠሩ ከሆነ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ቆም ብላችሁ እንደገና አጨብጭቡና ቀጥሉ፤ ኤዲት ስታደርጉ በየጭብጨባው ቆርጣችሁ ታገጣጥማላችሁ።

ሦስተኛው የስልክ ስክሪን ሪከርዲንግ ነው። ስልክ ላይ ስለሚሠራ ነገር የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ታገኙታላችሁ። ስልክ ስክሪኑን ሲቀዳ በሰከንድ የሚያስቀምጠው ፍሬም ቋሚ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ነገር ሲንቀሳቀስ ብዙ፣ ሲቆም ጥቂት ፍሬም ይይዛል። ስልኩ ላይ ስታዩት ደህና ነው፤ ኤዲት ማድረጊያ ውስጥ ሲገባ ግን አንዳንዱ ፕሮግራም ሁሉም ፍሬም እኩል ርቀት ያለው አድርጎ ይቆጥረውና ድምፁና ምስሉ ይለያያሉ። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ላይ ፋይሉን ጣሉት፤ ፍሬም ሬት ሞድ የሚለው ትይዩ ቫሪያብል ካለ ይኸው ነው። መፍትሔው ሀንድብሬክ የሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ነው። ቪዲዮ በሚለው ገጽ ፍሬም ሬቱን 30 አድርጉ፣ ከስሩ ኮንስታንት ፍሬምሬት የሚለውን ምረጡ፣ ቀይሩት። ከዚያ ኤዲት የምታደርጉት የተቀየረውን ነው። ኤዲት ከጀመራችሁ በኋላ ሳይሆን ከመጀመራችሁ በፊት መደረጉ ግድ ነው፤ አለዚያ የቆራረጣችሁት ሁሉ ቦታው ይዛባል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። በ30 የተቀዳ ቪዲዮ 29.97 ብሎ በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ ፍሬም በፍሬም ከተነበበ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ይለያያል። ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮጀክት ፍሬም ሬት ከቀዳችሁበት ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

ምስሉ ሲንቀረፈፍ

አንዳንዴ ድምፁ ቆንጆ ሆኖ ይሄዳል፣ ምስሉ ግን ይቆማል፣ ይዘልላል፣ እንደገና ይቆማል። ይህ ሲንክ ይመስላል እንጂ የአቅም ችግር ነው። ኮምፒውተሩ ስክሪኑን መሥራትና መጭመቅ አንድ ላይ አልቻለም። ሚሊ ሰከንድ እየቀያየሩ መታገል ምንም አይጠቅምም።

ኦቢኤስ ውስጥ ቪው ከሚለው ሜኑ ስታትስን ክፈቱና እየቀዳችሁ እዩት። ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሬንደሪንግ ላግ የሚለው እየጨመረ ከሄደ የተጨናነቀው የምስል ካርዱ ነው። ኢንኮዲንግ ላግ የሚለው ከጨመረ ደግሞ መጭመቂያው አቅም አንሶታል ማለት ነው።

ለኢንኮዲንጉ፦ ሴቲንግስ፣ አውትፑት ውስጥ ኢንኮደሩ (መጭመቂያው) ኤክስ264 ከሆነ ሥራውን ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ነው የሚጭነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ክዊክሲንክ የሚል አማራጭ አለው፣ ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ደግሞ ኤንቬንክ። ካለ እሱን ምረጡ፤ ለቆየ ላፕቶፕ ትልቅ እፎይታ ነው። ለሬንደሪንጉ ደግሞ ኦቢኤስን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱት፣ ዊንዶውስ የምስል ካርዱን ቅድሚያ ይሰጠዋል። የማትጠቀሙባቸውን ሶርሶች ከሲኑ (ሶርሶቹ ከተሰበሰቡበት ገጽ) አውጡ።

ከዚያም ፍሬም ሬቱን ከ60 ወደ 30 አውርዱ። ኤክሴል፣ ፕሮግራሚንግ፣ ስላይድ ለሚያስተምር ሰው 60 ፍሬም ብክነት ነው። መቀነስ ካለበት ፍሬሙን ቀንሱ፣ የስክሪኑን ጥራት ግን 1080 ላይ ለማቆየት ጣሩ። ተማሪው በስልኩ ነው የሚያየው፣ ጽሑፉ መነበብ አለበት። 720 የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ቻርጀሩም ይሰካ። ብዙ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ በዚያው ሪከርዲንጉ ይንቀረፈፋል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ የቀዳችሁት ብቻ ከተበላሸ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

ስለ መብራት ከተነሣ፣ የሚቀመጠውን ፎርማት ኤምኬቪ አድርጉት። ተራ ኤምፒ4 ፋይል ተዘግቶ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ አይደለም፤ መሃል ላይ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ የሁለት ሰዓት ሥራ አልከፍት ይላል። ኤምኬቪ ግን እስከ ተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። ኤዲት ማድረጊያችሁ ኤምፒ4 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኦቢኤስ ራሱ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሪመክስ ሪከርዲንግስ በሚለው ይቀይርላችኋል። በሰከንዶች ያልቃል፣ ጥራቱን አይነካም፣ ሲንኩንም አይነካም። ያገኛችሁትን የኢንተርኔት መቀየሪያ አትጠቀሙ፤ ፍሬም ሬት ቀይሮ አዲስ ችግር ሊፈጥር ይችላል።

መሃል ላይ በድንገት ሲዘል

ለ30 ደቂቃ ደህና ሄዶ በድንገት ድምፁ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ሎጉን፣ ማለትም ኦቢኤስ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል እዩ። ሄልፕ ከሚለው ሜኑ ሎግ ፋይልስ፣ ከዚያ የአሁኑን ክፈቱ። ኦዲዮ በፈሪንግ የሚል መስመር በተደጋጋሚ ካያችሁ፣ በተለይም ማክስ ኦዲዮ በፈሪንግ ሪችድ የሚል ካለ፣ አንደኛው የድምፅ ምንጭ ሰዓቱን ጠብቆ አልደረሰም ማለት ነው። ኦቢኤስ የዘገየውን ለመጠበቅ ሌላውን ሁሉ ያዘገያል፤ በየጊዜው 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እየጨመረ ይሄዳል፣ አንዴ የጨመረውን ደግሞ ራሱ አይቀንሰውም። ዘግቶ መክፈት ለዛሬ ያስተካክለዋል። ለነገ ግን ጥፋተኛውን መፈለግ ነው። የድምፅ ምንጮችን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ፈትኑ። የማትጠቀሙበት የካሜራ ማይክ፣ ነቅላችሁ የረሳችሁት ሄድሴት፣ ከሌላ ስልክ በዋይፋይ የሚመጣ ካሜራ፣ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። በማይኩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዩዝ ዲቫይስ ታይምስታምፕስ የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ካለው አንሡት፣ ከሌለው አድርጉበት፣ ደግማችሁ ፈትኑ።

የተቀዳውን ማዳን

ተቀድቶ ያለቀውን መልሶ መቅዳት የማይቻልበት ጊዜ አለ። እንግዳው ሄዷል፣ ስብሰባው አልፏል። አይዟችሁ፣ አብዛኛው ይድናል።

ልዩነቱ ቋሚ ከሆነ ፋይሉን በቪኤልሲ ክፈቱና ኪቦርዱ ላይ ኬ ወይም ጄ የሚለውን ተጫኑ። ኬ ድምፁን 50 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል፣ ጄ በዚያው ልክ ያስቀድማል። አፉና ድምፁ እስኪገጥሙ ድረስ ሂዱ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ያዙ። ቪኤልሲ ፋይሉን አይቀይረውም፣ ቁጥሩን ለማግኘት ብቻ ነው። ከዚያ ኤምኬቪቱልኒክስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ቪዲዮውን ጣሉበት፣ ከዝርዝሩ የድምፁን ትራክ ምረጡ፣ ዲሌይ በሚለው ቦታ ቁጥሩን ጻፉና አዲስ ፋይል አውጡ። እንደገና መጨመቅ ስለሌለበት ረጅም ፋይልም ቢሆን ቶሎ ያልቃል። ኤዲት የምታደርጉት ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ እዚያው ድምፁን ከምስሉ ነጥላችሁ መግፋት ነው።

ጭብጨባ የሌለበት ቪዲዮ ላይ መነሻ ነጥብ ከየት ይገኛል? ከራሱ ከንግግሩ። ከንፈር ገጥሞ የሚከፈትባቸውን ድምፆች ፈልጉ፤ ም፣ ብ፣ ፕ፣ ጵ። «እንበል»፣ «በመጀመሪያ»፣ «ምሳሌ» የማይል አስተማሪ የለም። ብ ስትባል ከንፈር የተላቀቀበት ፍሬምና ድምፁ የፈነዳበት ቦታ አንድ መሆን አለባቸው። ጥ፣ ቅ እና ጭ ደግሞ ሞገዱ ላይ ሹል ሆነው ስለሚወጡ ዓይን ቶሎ ያገኛቸዋል። ካሜራ ከሌለ የማውሱን ክሊክ ተጠቀሙ፤ ማይኩ ይሰማዋል፣ ስክሪኑም ላይ ቁልፉ ሲለወጥ ይታያል።

እየሰፋ የሚሄደውን ለማዳን ሁለት ነጥብ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከመጀመሪያ፣ አንዱ ከመጨረሻ። በሁለቱ መካከል ምስሉ ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ ድምፁ ስንት እንደሆነ ጻፉ። እንበል ምስሉ 3600፣ ድምፁ 3602 ሰከንድ ሆነ። ድምፁን በዌቭ ፎርማት አውጥታችሁ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ክፈቱ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ምረጡ፣ ኢፌክት ከሚለው ሜኑ ቼንጅ ስፒድ (በአዲሶቹ ኦዳሲቲዎች ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች) የሚለውን ክፈቱና አዲሱ ርዝመት 3600 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት እንዲሆን አድርጉ። የድምፁ ቃና በጥቂቱ ይለወጣል፣ ግን ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ጆሮ አይለየውም። መልሳችሁ ከቪዲዮው ጋር አገጣጥሙና መሃሉን አንድ ቦታ ፈትሹ። መሃሉም ከገጠመ ተስተካክሏል። መሃሉ ካልገጠመ ልዩነቱ በእኩል የሰፋ ሳይሆን የሆነ ቦታ ላይ የዘለለ ነው፤ ያን ቦታ ፈልጋችሁ ድምፁን እዚያ ላይ ቆርጣችሁ መግፋት ይኖርባችኋል።

ለወደፊቱ ማዳኑን በጣም የሚያቀልል አንድ ነገር ልጨምር። ኦቢኤስ ላይ አውትፑቱን ወደ አድቫንስድ ቀይሩና ሪከርዲንግ ስር ከአንድ በላይ የድምፅ ትራክ ምረጡ። አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ማይኩን ትራክ 2፣ የኮምፒውተሩን ድምፅ ትራክ 3 ላይ ብቻ አድርጉ፤ ትራክ 1 ላይ ሁለቱም ይኑሩ። እንዲህ ከተቀዳ የማይኩ ድምፅ ብቻ ቢንሸራተት እሱን ለብቻው ታንቀሳቅሱታላችሁ፣ የኮምፒውተሩ ድምፅ ከስክሪኑ ጋር እንደገጠመ ይቀራል። ሁለቱ በአንድ ትራክ ተቀላቅለው ከተቀዱ ግን አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል፣ መለያያም የለውም።

ያገኛችሁትን ቁጥር ከካሜራውና ከማይኩ ስም ጋር አንድ ቦታ ጻፉት። ካሜራ ስትቀይሩ፣ ፍሬም ሬት ስትቀይሩ ወይም ኦቢኤስን አፕዴት ስታደርጉ ጭብጨባውን ደግማችሁ ለኩ፤ ሌላ ጊዜ ግን በየቀረጻው መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፣ ኤዲት ስታደርጉ ቆርጣችሁ ታወጡታላችሁ።